ሁለት የሚመሳሰሉ ስልኮችና አንድ ልብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ ንስሐና ስለ አገልግሎት ጽሑፍ ሲቀርብላችሁ ቆይቷል። ዛሬ የምናቀርበው ርእስ ግን አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ርእሱም «እርስ በርሳቸው ከሚመሳሰሉ ሁለት ስልኮች አንዱን እንዴት እንምረጥ?» የሚል ነው። «ይህ የገበያ ጉዳይ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነውን?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን እኛ ወጣቶች ከብዙ ነገር ይልቅ የምንጨነቅበትን፣ ገንዘባችንንና ሌሊታችንን የምንሰጠውን ነገር በቤተ ክርስቲያን ካልመረመርነው በየት ልንመረምረው ነው? ገንዘብና ጊዜ በሚሄዱበት መንገድ ልብም ተከትሎ መሄዱ የማይቀር ነው። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄያችን ስለ ስልክ ቢመስልም በውስጡ ስለ ልብ ነው።

ነገሩ በጭፍን እንዳይሆን አንድ የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ። ሳምሰንግ የተባለው የደቡብ ኮርያ ኩባንያ በ2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 ማብቂያ ላይ፣ ጋላክሲ ኤ15 የተባለውን ስልክ በሁለት ዓይነት አወጣ። አንደኛው እስከ ፎር ጂ ድረስ የሚሠራ ሲሆን ሁለተኛው ፋይቭ ጂንም የሚቀበል ነው። የሁለቱም ስክሪን 6.5 ኢንች ነው። የሁለቱም ባትሪ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል፤ ቻርጅ የሚደረጉትም እስከ 25 ዋት በሚደርስ ኃይል ነው። ዋናው የኋላ ካሜራቸው 50 ሜጋ ፒክስል፣ የፊቱ 13 ሜጋ ፒክስል ነው። ፕሮሰሰር የሚባለው የስልኩ አንጎል በአንዱ ሔሊዮ ጂ99፣ በሌላው ዲመንሲቲ 6100 ፕላስ ተብሎ በስም ይለያል እንጂ ሁለቱም ሚዲያቴክ ከተባለው የታይዋን ኩባንያ የመጡ ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ስምንት የሥራ ክፍሎች ሲኖሩ ሁለቱ ፈጣኖች፣ ስድስቱ ደግሞ ኃይል ቆጣቢዎች ናቸው። ለሁለቱም አራት ጊዜ ዋና የአንድሮይድ ማሻሻያ፣ አምስት ዓመት ደግሞ የደኅንነት ማሻሻያ እንደሚሰጥ ኩባንያው ቃል ገብቷል።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ስማቸውን ቢሸፍኑባቸው የትኛው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል። ዋናው ልዩነት ያ ፋይቭ ጂ የሚባለው ነው። ይህ ልዩነት ደግሞ ምን ያህል እንደሚጠቅመን በምንኖርበት ቦታ ይወሰናል። ኢትዮ ቴሌኮም የፋይቭ ጂን አገልግሎት በአዲስ አበባ በሙከራ ደረጃ የጀመረው በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ወዲህ ወደ ሌሎች ከተሞች ደርሷል። ይህ አገልግሎት የሚጠቀምበት ከፍተኛ ሞገድ ብዙ መረጃ በፍጥነት ይሸከማል፤ ነገር ግን እንደ ዝቅተኛው ሞገድ ሩቅ አይሄድም፣ ግድግዳንም በቀላሉ አያልፍም። ስለዚህ ብዙ ማሠራጫ ይፈልጋል። ከተማ መካከል ለሚኖር ሰው አንድ ነገር ነው፤ ከከተማ ወጥቶ ለሚኖር፣ ዩኒቨርሲቲውም አገልግሎቱ ባልደረሰበት ስፍራ ላለ ተማሪ ግን በኪሱ ይዞት የሚዞር፣ የማይበራ ሻማ ነው።

ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ታዲያ ስለ ምን እንጨነቃለን? ሁለት ነገሮች እጅግ ሲለያዩ መምረጥ ይቀላል። በሬና ፍየል አቅርበው «ለእርሻ የትኛውን?» ቢሉን አንዘገይም። ሁለት የሚመሳሰሉ በሬዎች ቢያቀርቡልን ግን ጥርሳቸውን እንቆጥራለን፣ ቀንዳቸውን እንለካለን፣ ጎረቤት እንጠራለን፤ ቀኑም ይመሻል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፓሪስ ያስተማረ ዣን ቡሪዳን የሚባል ፈላስፋ ነበር። በስሙም አንድ ምሳሌ ይነገራል፤ ምሳሌው ግን በመጻሕፍቱ ውስጥ አይገኝም፣ ትምህርቱን ለመተቸት ሌሎች የለጠፉለት ነው። እንዲህ ነው፦ አንድ የተራበ አህያ በሁለት እኩል የድርቆሽ ክምሮች መካከል ቆመ። ሁለቱም በርቀትም በመጠንም እኩል ስለ ሆኑ ወደ አንዱ የሚሄድበት ምክንያት አጣ። በመካከል እንደ ቆመ በራብ ሞተ። በእንስሳት ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የሚሆን አይመስለንም፤ አህያ ከእኛ ይልቅ ብልህ ነውና ወደ ቀረበው ሄዶ ይበላል። በሁለት ክምር መካከል ቆሞ የሚራበው ሰው ነው።

ሰው እንዲህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ስልኩን የሚመርጥ መስሎት ራሱን ስለሚመርጥ ነው። «የትኛው ይሠራልኛል?» ብሎ የጀመረው ጥያቄ ሳያውቀው «የትኛው ያሳየኛል?» ወደሚል ይለወጥበታል። በዶርም፣ በካፌ፣ ከዚያም አልፎ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ ጓደኛው ምን እንደሚል ያስባል። በዚያን ጊዜ በሁለቱ ስልኮች መካከል ያለችው ቀጭን ልዩነት በዓይኑ ፊት እንደ ገደል ትሰፋለች። ነቢዩ ሳሙኤል ወደ እሴይ ቤት በሄደ ጊዜ የበኵሩን የኤልያብን ቁመትና መልክ አይቶ የተቀባው እርሱ መስሎት እንደ ነበር እናስታውስ። እንደ እርሱ ያለ ታላቅ ነቢይ እንኳ በመልክ ሊሳብ ከቻለ፣ እኛ በሱቅ መስኮት ፊት ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባን ይሆን?

የማማረጥም ዋጋ አለው። አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እናውቃለን። እናቱ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሲሆኑ በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር ዕቁብ ደረሳቸውና ከዚያ ላይ ቆንጥረው ለስልክ ሰጡት። ልጁም ቀደም ብለን የጠቀስናቸውን ሁለቱን ስልኮች ሲያወዳድር ሰነበተ። አንድ ቀን መርካቶ፣ አንድ ቀን ቦሌ ወጣ። ሌሊት ሌሊት የሰው አስተያየት ሲያይ አነጋ። አንዱን ሊገዛ ሲል የሌላው ፍቅር ያዘው። እናቱም፦ «ልጄ፣ ሁለቱም ያወራሉ አይደል?» አሉት። እርሱም፦ «ያወራሉ እማዬ፤ ግን ልዩነት አላቸው» አለ። እናቱም ዝም አሉ። በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ አሠራር ተለውጦ ብር በገበያ እንዲተመን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃም ተወደደ። ልጁ ወደ ሱቅ ሲመለስ በእጁ ያለው ገንዘብ ለሁለቱም የማይበቃ ሆኖ አገኘው። እናቱ በጢስ ውስጥ ቆመው ያጠራቀሙት ገንዘብ በማማረጥ ቀለጠ። ደግሞም ብዙ ሳይቆይ በ2017 ዓ.ም. ኤ16 የተባለ ስልክ መጣ፤ እርሱም በሁለት ዓይነት! እንግዲህ ምርጥ የሆነውን አገኛለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው የሚያሳድደው ጥላውን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በግብረ ሐዋርያት መጀመሪያ ምዕራፍ የተጻፈውን ታሪክ እናስተውል። ይሁዳ ከቁጥር ከጐደለ በኋላ በእርሱ ምትክ አንድ ሰው መመረጥ ነበረበት። መቶ ሃያ የሚያህሉ ሰዎች ተሰብስበው ሳሉ ቅዱስ ጴጥሮስ ተነሥቶ በመጀመሪያ መስፈርቱን ተናገረ። የሚመረጠው ሰው ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ጌታ እስካረገበት ቀን ድረስ ከእነርሱ ጋር የነበረ፣ ለትንሣኤውም ምስክር የሚሆን ሊሆን ይገባዋል አለ። በዚህ መስፈርት ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ ኢዮስጦስ የተባለው ዮሴፍና ማትያስ። ሁለቱም መስፈርቱን ያሟሉ ናቸው። ጉባኤው «ማን ይበልጥ ያማረ ይናገራል? ማን ይበልጥ የተከበረ ዘመድ አለው?» ወደሚል ክርክር አልገባም። ጸለዩ፤ ዕጣ ጣሉ፤ ዕጣው ለማትያስ ወጣ፤ እርሱም ከአሥራ አንዱ ጋር ተቈጠረ። ነገሩ በዚያው አለቀ። «ዮሴፍን ብንመርጥ ኖሮ» ብሎ ያጉረመረመ ሰው መኖሩ አልተጻፈም። ዮሴፍም ስላልተመረጠ የተነቀፈበት ቃል የለም።

ስልክ ከሐዋርያነት ጋር ይነጻጸራል ማለታችን አይደለም፤ ይህን ከማለት እግዚአብሔር ይጠብቀን። ነገር ግን ልጅ የአባቱን የእርሻ ሥርዓት አይቶ የጓሮውን ጎመን እንደሚተክል፣ እኛም ከታላቁ ነገር ሥርዓትን ተምረን በታናሹ ነገር ልንጠቀምበት እንችላለን። ሥርዓቱም አራት ደረጃ አለው፤ መስፈርት፣ ጸሎት፣ ቁርጥ ውሳኔ፣ ከውሳኔም በኋላ ዕረፍት።

አንደኛ፣ መስፈርት። ወደ ሱቅ ከመግባታችን በፊት የሚያስፈልገንን በወረቀት እንጻፍ። ሱቅ ከገባን በኋላ የሚጽፍልን ዓይናችንና ሻጩ ናቸው። ለአንድ ተማሪ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? የትምህርት ጽሑፍ የሚያነብበት፣ ከቤተሰቡ ጋር የሚነጋገርበት፣ መብራት ሲጠፋም የሚያውለው ባትሪ ያለው፣ ጥቂት ዓመታትም የሚቆይ ስልክ ነው። በዚህ መስፈርት ሁለቱም ኤ15 ያልፋሉ። በምንኖርበት ስፍራ ፋይቭ ጂ ከሌለ፣ ለእርሱ የምንጨምረውን ገንዘብ ሰፋ ያለ ራምና ሜሞሪ ላለው ብናውለው ይሻላል፤ እያንዳንዱ ዓይነት ባለ 4፣ ባለ 6ና ባለ 8 ጊጋ ባይት ራም ሆኖ ወጥቷልና፣ በየቀኑ የሚሰማን ልዩነት ይህ ነው። አገልግሎቱ ባለበት ከተማ የሚኖርና ስልኩን ብዙ ዓመት የሚይዝ ደግሞ ፋይቭ ጂውን ቢመርጥ አይነቀፍም። ኤ15 ሁለቱም የተነገረላቸው የደኅንነት ማሻሻያ እስከ 2021 ዓ.ም. ገደማ እንደ ሆነ ግን ቆጥሮ ይግዛ። የትኛውንም ስንገዛ *#06# ብለን በመደወል የሚወጣውን ቁጥር በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር እናስተያይ፤ ካልተስማሙ ገንዘባችንን ይዘን እንውጣ። ይህንም ማድረግ ጥንቃቄ እንጂ ሰውን መጠርጠር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጸሎት። «ስለ ስልክም ይጸለያልን?» የሚል ይኖራል። እኛ የምንለው «እግዚአብሔር ሆይ፣ የስልኩን ስም ግለጥልኝ» ብላችሁ ጸልዩ አይደለም። ጸሎቱ ለስልኩ ሳይሆን ለልብ ነው። ሰው በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ «ይህን የምፈልገው ለምንድን ነው?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ መልሱን ያገኘዋል። በጓደኛው ፊት የማይናገረው ምክንያት በዚያ ይገለጥለታል። ቅናት ከሆነ ቅናት እንደ ሆነ፣ ፍላጎት ከሆነ ፍላጎት እንደ ሆነ ይታወቀዋል። ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው ስልኩን ይዞ ቅናቱንም ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ቁርጥ ውሳኔ። ሁለቱ መስፈርቱን ካሟሉ በኋላ የቀረችው ልዩነት ብዙ አትጠቅምም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ አባቶቻችን። ለማሰቢያ አንድ ሳምንት እንስጥ፤ በሳምንቱ ቀን እንቁረጥ። የሚቀርበውን፣ ዋጋው የሚረክሰውን፣ ወይም ዋስትና በሚሰጥ ሱቅ የሚገኘውን ወስደን እንሂድ። ሁለት እኩል መልካም ነገሮች በፊታችን ሲቀርቡ የምንሳሳትበት መንገድ ጠባብ ነው። ይህ የሚያስጨንቅ ሳይሆን የሚያሳርፍ ነገር ነው። ጭንቀት የሚገባው በመልካምና በክፉ መካከል ስንቆም ነው፤ በዚያስ ጊዜ የስልኩን ያህል ሌሊት አንቅተን እናስባለንን? ዩኒቨርሲቲ ገብተን ጓደኛ ስንመርጥ፣ ንስሐ አባት ስንይዝ፣ በፈተና ጊዜ ለመኮረጅ ወይም ለመውደቅ ስንቆርጥ፣ የሁለቱን ካሜራዎች ያወዳደርንበትን ሚዛን አውጥተን እናውቃለንን?

አራተኛ፣ ዕረፍት። ከገዛን በኋላ የዋጋ ጥያቄን እንተው። ያልገዛነውን ስልክ በጓደኛችን እጅ ስናይ ልባችን ወደ ኋላ አይሂድ። የሎጥ ሚስት ከቤቷ በእግሯ ወጥታ በዓይኗ መመለሷን እናውቃለን። የገዛነው ስልክ ከመገዛቱ በፊት ከነበረው አልከፋም፤ የከፋው የምናይበት ዓይን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በሁለቱ ስልኮች መካከል ያለው ልዩነት በዓይን የማይታይ ነው ብለናል። በመካከላችን ግን በዓይን የሚታይ ሌላ ልዩነት አለ፤ እርሱም ስማርት ስልክ ባለውና በሌለው መካከል ያለው ነው። በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የሆነውን ሰምተናል። የመዝሙር ጥናት የሚደረገው ሐሙስ ማታ ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ዓርብ ተዛወረና መልእክቱ በቴሌግራም ብቻ ተላለፈ። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘች አንዲት እኅት ሐሙስ ማታ ከሥራ በቀጥታ መጥታ አዳራሹን ተዘግቶ አገኘችው። በደጁ ጥቂት ቆማ ተመለሰች። በሌላ ሳምንትም እንዲሁ ሆነባት። ከዚያም ቀረች። በቀረችበት ሳምንት አባላቱ ከጥናት በኋላ ተሰብስበው ስለ ሁለት ስልኮች ካሜራ ይከራከሩ ነበር አሉ። እርሷን «የት ቀረች?» ብሎ የጠየቀ የተገኘው ከወር በኋላ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህ ነገር አያሳዝንምን? እኛ በሁለት እኩል ነገሮች መካከል ያለችውን የፀጉር ያህል ልዩነት አጉልተን ስናይ፣ በአጠገባችን የተከፈተውን ሰፊ ልዩነት አላየነውም ማለት ነው። ከድርቆሹ ክምር አጠገብ ሌላ የተራበ ቆሟል። እኛ «ይህን ልብላ ወይስ ያን?» ስንል እርሱ «የምበላው አለን?» ይላል። በመጨረሻው ቀን የምንጠየቀው የትኛውን እንደ መረጥን አይመስለንም። በያዝነው ምን እንዳደረግንበት፣ ማንንስ እንደ ጠራንበት፣ ማንንስ እንደ ረሳንበት ነው።

ስለዚህ ከንግግር አልፈን የምናደርገውን እንወስን። የጥናትና የአገልግሎት ቀን በቴሌግራም ሲነገር በአዳራሹ የማስታወቂያ ሰሌዳም ይለጠፍ። ስማርት ስልክ ያለው እያንዳንዳችን ከሌላቸው አባላት የአንድን ሰው ቁጥር ይያዝ፤ መልእክት ሲመጣ ደውሎ ይንገር፤ በባለ ቁልፍ ስልክም ቢሆን የወንድም ድምፅ ይሰማልና። አዲስ ስልክ የምንገዛም፣ የቀደመው ገና የሚሠራ ከሆነ፣ በመሳቢያ ከምናኖረው ለሌለው እንስጥ። ከሁለቱ ርካሹን መርጠን የተረፈችን ልዩነት ካለች፣ ያች ልዩነት የአንዲት እኅት የወር ፓኬጅ ልትሆን ትችላለች። ያን ጊዜ በሁለቱ ስልኮች መካከል የነበረችው ትንሽ ልዩነት በእውነት ትልቅ ትሆናለች።

እንግዲህ ወደ ሱቅ የምትሄዱ ሁሉ በሰላም ሂዱ። መስፈርታችሁን ጽፋችሁ፣ ልባችሁን መርምራችሁ፣ ቀን ቆርጣችሁ ሂዱ፤ አንዱን ይዛችሁም ዐርፋችሁ ተመለሱ። በዚያም ስልክ መጀመሪያ የምትደውሉት ከጉባኤው ለቀረው ሰው ይሁን።

እግዚአብሔር አምላካችን ብዙ በሆነው ምርጫ መካከል የሚያርፍ ልብ፣ የተረሳውንም የሚያይ ዓይን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። ወለወላዲቱ ድንግል። ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።